መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ለምን ቆሙ

ጥር ዐሥራ አንድ ቀን አልሄድም ብሎ የቆመው ታቦቱ አልነበረም፤ የአያቴ ቀኝ ጉልበት ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ያንን ጉልበት ሁለት ዓመት ሙሉ ያሸሁት፣ ያጠፍኩት፣ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። መገጣጠሚያው ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታክል የአጥንት ስባሪ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ግን መካከል ትገባና እንደ መቀርቀሪያ ትቆልፈዋለች። ያን ጊዜ እግሩ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። መፍትሔው ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ነው። ቀጭ ይልና ይለቃል። እቤት በሳምንት አንዴ ይደርሳል፤ ማንም እግዚኦ ብሎ አያውቅም።

አያቴ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ጥምቀት የደብራችንን ታቦት በራሳቸው ተሸክመው ወደ ቀሐ ወንዝ ወርደዋል፣ በማግስቱም ዳገቱን ይዘው ተመልሰዋል። ሚስታቸው እማማ ወለተሩፋኤል እንኳ የምትጠራቸው «መምሬ» ብላ ነው። እሳቸው ግን ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት «ታቦት የምሸከመው» ብለው ነው፤ ባንክ ቤት ሳይቀር።

ኅዳር ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሰላም ወልደኢየሱስ ቤታችን መጡ። ጠላ ቀረበላቸው፣ ስለ ብርዱ አወሩ፣ ስለ ምእመናን ስንፍና አወሩ፣ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምሬ፣ ዘንድሮ ታቦቱን ቀሲስ ህሩይ ቢሸከም ምን ይመስልዎታል? ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ትከሻው ሳንቃ ነው።»

«የእኔ ትከሻ ምን ሆነ?»

«ስለ ትከሻዎ ማን ተናገረ? ሲያነክሱ አይቻለሁ።»

«ጫማው ነው» አሉ አያቴ።

እኔ ራጁን ከነፖስታው ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አያቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ ቀጠሉ፦ «ካመመኝ ማንም ሳይጠይቀኝ እኔው ራሴ እነግራችኋለሁ። አንድ ዓመት ብቻ ተዉኝ።» ቄስ አይምልም እንጂ ማሉ ማለት ይቻላል። መልአከ ሰላም እሺ ብለው ሄዱ።

«ዋሹ እኮ» አልኳቸው።

«ጫማውም ትንሽ ይጠበኛል» አሉ።

የጥምቀት ዕለት ጉልበታቸውን በላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላቸው። ታቦቱ ሲመለስ ለማየት አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ወጣሁ። ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች፣ ቀጥሎ መዘምራኑ፣ ቀጥሎ ካህናቱ፤ ከመካከል አያቴ፣ ታቦቱ በራሳቸው ላይ፣ ጥላው ከላይ ተዘርግቶ። ቀሲስ ህሩይ በቀኝ በኩል ክርናቸውን ደግፎ ይሄዳል። ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ወይዘሮ አማረች ደጅ ሲደርሱ፣ የአያቴ ፊት ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ቆሙ።

ምንጣፍ አንጣፊዎቹ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ሠላሳ ሜትር ያህል ሄደው ዞር ሲሉ ከኋላቸው ማንም የለም። ጠቅልለው ተመለሱ። ከበሮው ዝም አለ።

ታቦት የተሸከመ ካህን አያወራም። ይህ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ባለቀ ነበር። አያቴ ማድረግ የቻሉት አንድ ነገር ነው፤ ዐይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ደጋግመው መወርወር።

«ወደ መሬቱ እያዩ ነው!» አለች አንዲት ሴት። «ስለ መሬቱ ነው! ስለ መንገዱ ነው!»

«ጉልበታቸው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ወደ ጎን ግፉላቸው!»

አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ነጠላዬን ጎተቱ። «እግዚኦ በይ እንጂ፣ ምን ያስለፈልፍሻል!»

እግዚኦ አልኩ። ምን ላድርግ?

መንገዱ የተባለው ይህ ነው። ወይዘሮ አማረች ከስድስት ዓመት በፊት ከቤታቸው ጎን ያለውን መተላለፊያ በብሎኬት ግንብ ዘጉት። ከኋላቸው የሚኖሩት አያ አድማሴ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው የሚገቡት በፍሳሽ ቦይ ዳር ዞረው ነው። ቀበሌ አልፈታውም፣ ፍርድ ቤት አልፈታውም፣ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስቱንም ጊዜ እርስ በርስ ተጣልተው ተነሥተዋል። አሁን ታቦቱ ልክ ግንቡ ፊት ቆሟል።

መልአከ ሰላም ላባቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ አማረች፣ ታቦቱ ደጅሽ ላይ ነው የቆመው። ምን ትያለሽ?»

«እኔ ብቻ ነኝ ደጅ ያለኝ? የእሱም ደጅ እዚሁ ነው።»

«የእኔን ደጅማ ውጠሽዋል!» አሉ አያ አድማሴ ከሕዝቡ መካከል እየተጋፉ። ከማክሰኝት መጥተው ከተማ ከገቡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ከማዶ ሰው የሚጠሩ ይመስላል። «ምነው፣ ታቦት ፊት እንኳ ብታፍሪ? ስድስት ዓመት እንደ ዳክዬ በቦይ አስገባሽኝ እኮ!»

«ዳክዬ ቢሆን ዝም ይል ነበር!»

«እግዚኦ!» አለ ሕዝቡ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የአያቴ ላብ በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ ሕዝቡ ላቡን አይቶ ባሰበት። ነገሩ ግንቡን አልፎ ሄደ። ሁለት እኅትማማቾች አለቀሱና ተሳሳሙ። አንድ ሰውዬ በሁዳዴ ዓሣ መብላቱን ጮኾ ተናዘዘ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሚስቱ ጋር ደውሎ «ይቅር በይኝ» አላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነግርሽም ስላለ ሌላ ጠብ ተጀመረ።

አርባ ደቂቃ ሆነ። ወይዘሮ አማረች ታቦቱን አዩ፣ ግንባቸውን አዩ፣ የሚቀርጹትን ስልኮች አዩ። ተንበረከኩ። «ነገ አፈርሰዋለሁ! ከፍቻለሁ! አያ አድማሴ፣ ይቅር በለኝ!»

አያ አድማሴ ያልጠበቁት ነገር ነበር። አነሷቸውና አቀፏቸው። እልልታው ቀለጠ። ሕዝቡ ከኋላ ገፋ፣ ቀሲስ ህሩይ ተገፋ፣ የቀሲስ ህሩይ ጉልበት የአያቴን ጉልበት ከጎን መታው። ፊታቸው ተፈታ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሁለት ሄዱ። ሦስት ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ፤ አንዷ ስትወድቅ እኔንም ከአጥሩ ይዛኝ ወረደች።

ማታ እቤት እግራቸውን ጨው ባለበት ውኃ ነክረው ሲቀመጡ አያቴ መጀመሪያ ያሉት «ጉልበቴ ነበር» ነው።

«አውቀናል» አለች እማማ። «ሃምሳ ሰባት ዓመት ቁሙልኝ ስል አንድ ቀን ቆመው የማያውቁ ሰው፣ ለአማረች አርባ ደቂቃ ቆሙላት።»

በማግስቱ መልአከ ሰላም አምስት ካህናት አስከትለው መጡ። አያቴ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው ቀደሙ። «መምሬ፣ በድፍረት የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ። ታቦቱ ራሱ መርጦዎታል። በሕይወት እስካሉ ድረስ ሌላ ካህን አይሸከመውም፤ ሰበካ ጉባኤው ወስኗል። የፊታችን ሳምንት እሑድ ካባ ይለብሳሉ።»

ቀሲስ ህሩይ ከኋላ ቆሞ ወለሉን ያያል።

አያቴ አፋቸውን ዘጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈለጉትን ነገር አሁን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰጧቸው። ለማጣት የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገሩ አልወጣም።

ዐሥር ቀን አለፈ። ቪዲዮው ከአራት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ታየ፤ «ጉልበታቸው ነው» ብዬ የጮህኩበት ቦታ ላይ መዝሙር ጭነውበታል። ባጃጆች «ታቦት የቆመበት ወራጅ አለ?» ማለት ጀመሩ። ከአይከል በሚኒባስ የመጡ አሥራ አራት ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ተሰልፈው አያቴ በመስቀላቸው ባረኳቸው፤ አንዱ ከብቶቹንም በስልክ ፎቶ አሳይቶ አስባረከ። ወይዘሮ አማረች ግንቡን አፈረሱት። ብሎኬቱ ደጃቸው ላይ ተከምሯል። አያ አድማሴ በመንገዱ ሲያልፉ አንዳንዴ ያለ ጉዳይ ተመልሰው እንደገና ያልፋሉ ይባላል።

አያቴ ግን መብላት አቃታቸው። እኔ በሰው የምግብ ፍላጎት ማጣት የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ልምምዳቸውንም ማቋረጥ ጀመሩ፤ ይሄ አናደደኝ። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀምጬ አንድ ኪሎ ጨው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰርኩ።

«ያንሡ።»

«አሐዱ» አሉ እግራቸውን እያነሡ። «ክልኤቱ። ሠለስቱ።» ልምምድ የሚቆጥሩት በግእዝ ነው፤ በአማርኛ ሲቆጥሩ ይዘላሉ።

«ነገ ካባውን ይለብሳሉ?»

«አርባዕቱ።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኩዎ።»

እግራቸውን አወረዱ። «ሁለት ሰዎች ታርቀዋል። እግዚአብሔር በበለዓም አህያ አፍ ተናግሯል፤ በእኔ ጉልበት ቢናገር ምን ይገርማል?»

«አይገርምም» አለች እማማ ከደጃፉ፣ ምስር እየለቀመች። «አህያዋ ግን ከዚያ ወዲያ ካባ አልብሱኝ አላለችም።»

 አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስሜን ጠርተው፦ «ምስጢር፣ ብነግራቸው ታቦቱን ሁለተኛ አልነካውም» አሉኝ።

«አዎ።»

«አዎ ትለኛለች! ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ቄስ ነኝ። ድምፄ ሸጋ አይደለም፣ ቅኔ አልቆጥርም፣ ሰው ፊት ስብከት አልችልም። የቻልኩት መሸከም ብቻ ነው። እሱ ከተወሰደብኝ ምን ልሠራ ነው? ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?»

«ምን ይጠብቃሉ?»

በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ።

ለእንዲህ ያለ ንግግር ትዕግሥት የለኝም። «ስድስት ይቀርዎታል» አልኳቸው። «እግር።»

ስድስቱን ጨረሱ። ጨዉን ስፈታላቸው «ነገ ያንን ራጅ ይዘሽው ነይ» አሉ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሰባ ሰው ይሆናል። ካባው ከነላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መልአከ ሰላም ሃያ ደቂቃ ተናገሩና አያቴን ጋበዙ። አያቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ። ታቦቱ አልቆመም። የቆምኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ተቆልፎ ነው።»

 ከኋላ አንድ ሰው፦ «ትሕትና ማለት ይህ ነው!» አለ። እልልታ ሆነ።

«ትሕትና አይደለም፤ ጉልበት ነው!» አሉ አያቴ። «ኅዳር ላይ ደህና ነኝ ብዬ መልአከ ሰላምን ዋሽቻለሁ። ካመመኝ እናገራለሁ ብዬ አልተናገርኩም።»

«እዩ፣ ራሳቸውን እንዴት እንደሚወቅሱ!» አሉ አንዲት እናት ዕንባቸውን እየጠረጉ። እልልታው በዛ።

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሣሁ። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ስባሪዋን በእስክሪብቶ አሳየሁ። መገጣጠሚያ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ እንዴት እንደሚለቅ አስረዳሁ። ጥሩ ገለጻ ነበር። ራጁን እንዲያዩት ሰጠሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ተሳለሙት።

«አይሳምም!» አልኩ። «ራጅ ነው!»

«ምንም ቢሆን የእሳቸው ነው» አሉኝ።

አያቴ ተስፋ ቆርጠው ሊቀመጡ ሲሉ ቀሲስ ህሩይ ተነሣ። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።

«እውነታቸውን ነው። እኔ ደግፌያቸው ነበር። ሕዝቡ ሲገፋኝ ጉልበቴ መታቸው፣ ቀጭ ሲል ሰማሁት፣ ወዲያው ሄዱ። ያኔ ያልተናገርኩት... ሹመቱን ፈልጎ ነው እንዳትሉኝ ነው። አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ አያቴ። «ምነው ቶሎ ብትናገር! አሥራ ሁለት ቀን እህል ሳይወርድልኝ!»

«እርስዎስ ምነው ቶሎ ቢናገሩ?»

«እኔማ ፈርቼ ነው።»

ቀሲስ ህሩይ የሚዋሽ ሰው እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አንዴ የራሱን አጎት ሠርግ የሙሽራዋ ዕድሜ አልደረሰም ብሎ አስቁሟል። አዳራሹ አመነ። ለማመን የወሰደበት ጊዜ ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ወይዘሮ አማረች ተነሡ።

«ቆይ፤ እኔ ግንቤን ያፈረስኩት ለመምሬ ጉልበት ነው?»

«እኔስ ያቀፍኩሽ ለጉልበት ነው?» አሉ አያ አድማሴ። «መንገዱ ግን ሸጋ ነው፤ እሱን አልመልስም።»

«ብሎኬቱ እዚያው ነው! በሁለት ቀን አቆመዋለሁ!»

«አቁሚው! እኔም ይቅርታዬን እወስዳለሁ!»

«ይቅርታ አይወሰድም!» አሉ መልአከ ሰላም።

«ታቦት ፊት አፈርሰዋለሁ ብላ የተሳለችው ስለትስ?» አለ አንድ መሪጌታ ከፊት ረድፍ፣ ዐይኑ እየበራ። «ጥያቄው ይህ ነው። ሰው ታቦት ቆመ ብሎ ለጉልበት ቢሳል፣ ስለቱ ይጸናል ወይስ አይጸናም?»

«አይጸናም፤ መሠረቱ ስሕተት ነው» አለ ሌላው።

«ይጸናል! የተሳለችው ለእግዚአብሔር ነው፣ ጉልበቱ ምክንያት ነው።»

«ምክንያትማ ካልክ ያዕቆብንስ ሹልዳው ላይ ማን ነካው?»

«ሹልዳና ጉልበት አንድ ነው እንዴ? አንቺ ልጅ፣ አንድ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

በዓሣው የተናዘዘው ሰውዬ እጁን አወጣ። የእሱ ኑዛዜ ይጸና እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነው። ሁለቱ እኅትማማቾች እንደገና ተራርቀው ተቀመጡ። መልአከ ሰላም ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አያቴ ካባውን ከነላስቲኩ አንሥተው ቀሲስ ህሩይ ጭን ላይ አኖሩት።

«ካባው ለአንተ አይደለም፤ ያስቀምጡት» አሉት። «ታቦቱ ግን ለአንተ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ተረከዝህን አስቀድም። ቀሐ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሰው ይገፋል፣ ወደ ግራ ያዝ።»

«እሺ አባቴ።»

«ጫማ ሰፋ ያለ ግዛ።»

ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የሠርክ ጸሎት ደርሷል። ከሰባው ሰው፣ ከእነዚያ ሁሉ ካህናት፣ አንድም አልተነሣም፤ ክርክሩ ከያዕቆብ ወደ ዮፍታሔ ስለት ተሻግሯል። አያቴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ሠርክ ነዋ። ሦስት አሮጊቶች እዚያ ይጠብቃሉ። ሰው ካልሄደላቸው ብርድ ላይ ይቀመጣሉ።»

«ስብሰባው እኮ ስለ አንቱ ነው።»

«ስለ እኔ ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ወይዘሮ አማረች አያ አድማሴን በጣታቸው እያመለከቱ ነው። መሪጌታው ወንበር ላይ ሊወጣ ነው። አያቴ በረድፎቹ መካከል እያነከሱ አለፉ፤ አንዳንዱ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው፣ ቀና ብሎ ግን ያየ የለም። በሩ አሮጌ ነው፣ አንዴ ቢገፉት አይገጥምም። ወጡ፤ ከውጭ ሁለት ጊዜ ሳቡት፣ ዘጉት።